ስምንተኛው ቃል

ፓስተር ሃልቮር መጣ በሰኔ መባቻ፣
አሮጌ ቴፕ አዝሎ፣ ካርድ በሣጥን ብቻ።
እኔ አስተርጓሚው ነኝ፤ የጨርቃ ጨርቁ በር
ሁለት ጊዜ መልሶኝ፣ በቀን በሦስት ብር
ካርዱን የምይዝለት፣ ጥያቄውን 'ምነግር።

ከወደቡ ወዲያ፣ ሐይቁ ሳር በሚሆንበት፣
ደንገል ተቆልሎ ጭስ በሚያኝክበት፣
"ቋንቋ አላቸው አሉኝ፣ ያልተጻፈ ገና፤
ጽፌ ልመልሰው፣ ወንጌሉም በሱ ይቅና።"
አያ ሽፋው ሰማው፣ ደንገል እያቀና፤
"ዘገየህ፣ ልጄ" አለው፣ "ባንዲት ባልቴት ዕድሜ።
ቢሆንም ጠይቀኝ፤ እሰማለሁ ቆሜ።"

የመጀመሪያው ካርድ፦ "ውኃን ምን ትላለህ?"
"ውኃ።"
"ፀሐይንስ?"
"ፀሐይ። ደመና ነው ዛሬ፤ አንተስ የት አየህ?"
"እናትን?"
"እናቴ።"
መቶ ካርድ ተነሣ፤ መቶው አማርኛ።
በማታው ፓስተሩ ራት ሳይበላ ተኛ።

በአምስተኛው ቀን ግን፣ ታንኳ ሲጠፈር፣
አፍንጫዋን ስቦ በጉልበቱ ሲያስር፣
አንድ ቃል አመለጠው፣ ጥርሱ ሳይከለክል፣
ቀረሶ ከመረብ እንደሚኮበልል።
"ምን አልህ?"
"ምንም አላልሁ።"
"አሁን ያልኸው?"
"ኧ! እሱ?
ቋጠሮ ሲጠብቅ የሚባል ነው ለራሱ፤
ትርጉም የለው፤ ለእጅ ነው፤ ሌላ የለም መልሱ።"

ድምፁ ከ"ቀ" ወዲህ ነው፣ ከ"ኸ" ግን ወዲያ፤
ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ብዞር አጣሁለት ማደሪያ።
እሱ በላቲኑ ከሥሩ ጭራ ሰጠው፤
እኔ በ"ቀ" ጻፍሁት። ዋሸሁ። ማን ሊያየው?

እስከ መስቀል ድረስ ሰባት ቃል ለቀምን፣
ዶፍ እየመታን ነው፣ ጭቃ እየረገጥን፦
ሦስቱ ለቋጠሮ፤ ለጉማሬ ሁለት፣
አንዱ ካየህ ወዲያ፣ አንዱ ሳያይህ በፊት፤
አንድ ለነፋስ ነው፣ ከደቅ ለሚነሣው፤
ሰባተኛው ደግሞ እናት የምትለው፣
ገበያ ሲደርሱ፣ ለልጇ፣ ሰው ሲያያቸው፦
"ዝም በል፤ ይሰሙናል።"
በገዛ ቃሉ ነው ቋንቋው የታፈነው።

"በሰባት ቃል" አለ ፓስተሩ፣ ካርዱን ሲሰበስብ፣
"እንዴት ነው ወንጌል የሚነበብ?"
አያ ሽፋው ሳቀ።
"እኔ በዐረብኛ እሰግዳለሁ፤
ሲርበኝም ሲከፋኝም በአማርኛ እለምናለሁ፤
ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ፣ እዚያ አፉ ላይ ስደርስ ግን፣ ዝም እላለሁ።
ዝም ስል ነው የሚያውቀኝ።"
ይህን አልተረጎምሁም። ሃልቮር ዓይን ዓይኔን አየኝ፤
"ደክሞታል" አልሁት፣ እሱም አመነኝ።

ሌላም ያልነገርሁት አለ።
"አንተስ ከየት ነህ?" ሲለኝ፣ "ከዘጌ" ብያለሁ።
እናቴ ደንገል አጫጅ፣ አባቴ ቀዛፊ፤
እኔ በመዝገብ ላይ ሌላ ስም አስጻፊ።
ስምንተኛውን ቃል አውቀው ነበር፦
ማለዳ፣ ከደጅ ሳይበራ፣
እናቴ እግሬን ይዛ፣ ከእንቅልፍ ስትጠራ።
"ተነሥ" አይደለም፤ "ልጄ"ም አይደለም፤ "ነጋ"ም አይደለም፤
ሦስቱን ባንድ ብትጨምቅ እሱን አይሆንም።
ለሃልቮር አልሰጠሁት። መጀመሪያ ከሃፍረት፤
ኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከስስት።
ደብተሩ "ሰባት" ብሎ ባሕር ተሻገረ።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ሽፋው ካለፈ ቆየ፤
ደንገል የቆመበት የሆቴል ወንበር ታየ።
እምቦጭ መጣ፣ ሐይቁን እንደ ሰሌን ሸፈነ፤
ከሰባቱ ቃላት ለሱ የሚሆን ጠፋ፣ አንድም አልተገነነ።

ትናንት ማለዳ፣ የልጅ ልጄ ተኝታ፣
እግሯን ያዝሁና፣ ጎንበስ ብዬ፣ በዝግታ
አልሁት።
"እ? ምን አልህ፣ አባባ?"
"ምንም አላልሁ" አልሁ።
ግን ተነሥታ ነበር።