ጭረቷ

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ሦስተኛ ቀን ያዘ፤
ጨዋታዬም ያው ነው፣ አርማው ላይ ፈዘዘ።
አንድ መርከብ ታየ፣ ከበሮ ተመታ፣
ወዲያው ድርግም አለ፣ ያለ አንዳች ይቅርታ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ድራይቨር ቀየርሁ፣
ሙሉውን አራግፌ ከባዶ ጀመርሁ፤
አርባ ጊጋባይቱ በቀጭኗ መስመር
ሲንጠባጠብ አድሮ፣ ጠዋት ያው ነበር።
አባቴ ሮሳሜል፣ የአውቶቡስ ጠጋኝ፣
ጆሮውን ለጥፎ
«ሞተሩስ ደህና ነው፤ ቤንዚን ነው» አለኝ።

በሌሊት ከፈትሁት የስህተት መዝገቡን፤
ሺህ መስመር ቁጥሩ አደከመው ዓይኔን።
ከግርጌው ግን አንድ ቃል፣ ጫፉ የጎደለ፣
«ቤጎ?» ይላል፣ «ቤጎ?»፣
በር ላይ እንደቆመ፣ ስም እንደጠፋው ሰው፣ እያንጠለጠለ።

ቤጎኛ እናቴ ናት፣ ዓሣ ነጋዴዋ፤
ማሽኑም፣ ፎልደሩም በስሟ ነው፣ በዱቤ፣ በገዛ ፊርማዋ።
ጨዋታው «ነ»ን እንጂ «ኘ»ን አያውቅ ኖሯል፤
አናቷ ላይ ያለች ጭረቷን ሲያይ በሩን ይዘጋል።

ሌላ ስም ከፈትሁ፣ ጭረቷን ቆርጬ፤
ከበሮው ሳይቋረጥ
ባሕሩን አየሁት፣ ትንፋሼን ውጬ።

እናቴ ከገበያ፣ ጎማ ጫማዋ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንዳለ፣
ከኋላዬ ስትቆም፣
ስክሪኑ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቤጎና» አለ።
«ይቺ ደግሞ ማናት?»
ዝም አልሁ። ካፖርቷ ይንጠባጠባል፤ ገና አላወለቀችም።
«ትጫወት እሷማ፤ ሥራ የለባትም።»