ጆሮ ላለው

ደብዳቤው ሲደርሰኝ አሥራ አራት ገጽ ነበር፣
ከሥሩ ፊርማ አለው፣ ማኅተም፣ የቀን ቁጥር።
«መርምረናል» ይላል፣ «አድልዎ አላገኘንም፤
ቅር ያለው ይግባኝ ይበል፣ ከሠላሳ ቀን ወዲያ ግን አንቀበልም።»

ሠላሳ ቀን ሰጡኝ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት
በዱሉት ፖስታ ቤት፣ በበረዶ ሌሊት፣
የሰውን ደብዳቤ በየመንደሩ ስለይ ኖሬ፣
ለእኔ የመጣው የት እንደሚገባ ጠፋኝ ዛሬ።

ስሜ ኦርቪል ታስታድ። የመንግሥት ሠራተኛ። ጆሮዬ አይሰማም፣
ከእናቴ ማሕፀን ጀምሮ። አላዝንበትም።
ማሽኑ ሲሮጥ በእግሬ ነው የማውቀው፣
ሲታመም በመዳፌ፣ ጎኑን ስዳብሰው።
ሌላው ጩኸቱን በጥጥ ሲከላከል
እኔ ደኅና ነኝ፣ በዝምታዬ መሐል።

ከፈረቃ በፊት ግን ስብሰባ አለ፣ አሥር ደቂቃ፤
ስለ አደጋ ይወራል፣ ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ ዕቃ።
ሚስተር ብራንት ጢማም ነው፣ ፊቱም ወደ ሰሌዳው፤
ከንፈሩን ባነብ እንኳ ጢሙ ነው የሚያወራው።
ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ አንድ ትንፋሽ ዘግይቼ፤
ሰው ሲበተን እበተናለሁ፣ ባዶዬን ገብቼ ባዶዬን ወጥቼ።

አስተርጓሚ ጠየቅሁ። በጽሑፍ። አራት ጊዜ።
መጀመሪያ «በጀት የለም።»
ቀጥሎ «ታገሥ።»
በሦስተኛው ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ፣ በእርሳስ የተጻፈ፦
«ስለ ጥንቃቄ ተወርቷል።» በቃ። ስብሰባው እንዲህ አለፈ።
አራተኛው እስከ ዛሬ መልሱ በመንገድ ላይ ነው።

በጥር፣ ማክሰኞ፣ የፎርክሊፍቱ መንገድ ተቀየረ።
በስብሰባ ነው የተነገረ።
እኔ በድሮው መስመር፣ በቢጫው ቀለም ዳር ስሄድ
ብረቱ ከኋላዬ መጥቶ የኮቴን ጫፍ ይዞ አለፈ፣
ጋሪዬ ተገለበጠ፣ ደብዳቤው ወለሉ ላይ ተነጠፈ።
ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ፍሬ ነገሩ ይኸው፦
«ሠራተኛው ተነግሮታል፤ መመሪያውን አልሰማው።»

አልሰማው!
በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ እውነት ጻፉልኝ፣
እሱንም ጥፋት አድርገው ቆጠሩብኝ።

ገጽ ዘጠኝን ደግሞ ሦስቴ ነው ያነበብኩት፦
«አመልካቹ በስልክ ተፈልጎ ሳይመልስ በመቅረቱ…»
ልጄ ሲግሪድ ከጎኔ ቆማ አየችው፤
መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በሁለት እጇ ጮኸች፣
መብራቱ እስኪወዛወዝ።
ጆሮ የሌለው እኔ ነኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት እነሱ።

ይመሰክርልኛል ያልኩት ዌንደል
ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤
ሰላም ሲለኝ አሁን ጫማውን ያያል።
ልጠላው ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ሃያ ሌሊት ጻፍኩ፣ ሃያ ሌሊት ቀደድኩ።
በመጨረሻ ይህን ብቻ አስቀረሁ፦
«ይግባኝ የምለው ውሳኔው ገብቶኝ አይደለም፣
ስለሚገባኝ ነው።
ጆሮ ስጡኝ አላልኩም።
አንድ ጥንድ እጅ ነው የጠየቅኩት፣ በቀን ለአሥር ደቂቃ።»

«በኮምፒውተር ላከው» አለችኝ ሲግሪድ፣ «ባንዴ ይደርሳል።»
እንቢ አልኩ። የፖስታ ሰው በፖስታ ይልካል።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን። በማታ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት፣
የዳክዬ ቴምብር ለጥፌ፣ አንዱን ጥግ በስንፍና አጥፌ።
ከዚያ ሥራ ገባሁ።

ሊነጋጋ አይደለም፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሩብ ሲቀረው
ከትሪው መሐል ዳክዬዋ ብቅ አለች።
የታጠፈው ጥግ። የራሴ ጽሕፈት።
እጄ ሊያነሣት ቃጣ፤ ሕጉ አይፈቅድም፤ ተውኩት።
እግሬ ሥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል።
ማሽኔ ቀኑን መታባት፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣
ወደ ዋሽንግተን መደርደሪያም ሸኛት፣ ከሌላው ሳይለይ።

ቀጣዩን አነሣሁ።
ለሂቢንግ ነው፣ ለአንዲት ሴት። ወፍራም፣ ሮዝ ፖስታ።
የልደት ካርድ ይመስለኛል።