ውሃ መጣ

ቱሉ ዲምቱ፣ አምስተኛ ፎቅ፣
ሊፍት በወሬ ብቻ የሚታወቅ።
ድራሙን ፈታትተን በየትከሻችን፣
ሙዘሚል ከፊት፣ እኛ ከኋላው ሆነን፣
ደረጃ ቆጠርን፤ ሰባ ስምንት ነው።
ሽመክት ግን ይምላል፤ ሰማንያ ነው።
አልበሙ አለቀ፣ ክርክሩ አላለቀም።

ግድግዳው ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ብርድ ልብስ፣
መስኮቱ ላይ የእንቁላል ካርቶን፤
የሁለት ወር ቁርሳችን ከዚያ ይታወቃል።
ስቱዲዮ አልነው። ስም ማውጣት ምን ይከብዳል?

እቁቡ የወጣው ለገመቹ ነበር።
ባለቤቱ ለፍሪጅ ቦታ ጠርጋ ስትጠብቀው
ማይክራፎን አቅፎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ገባ።
ሦስት ቀን አኮረፈች።
በአራተኛው ሰባ ስምንቱን ደረጃ (ወይ ሰማንያውን) ወጥታ መጣች፤
ማዳመጫውን ሻሿ ላይ ደፋች፤
ሰማች፣ ሰማች፣ ፊቷ ሳይፈታ፣
«ቤዙ አነሰ» አለች፤ ሄደች ተነስታ።
ቤዙን ጨመርነው።
እውነቷን ነበር።

ከተማው የሚያልቅበት ላይ ድምፅ አያልቅም።
ሲኖትራኩ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር፣
የብሎኬት ማሽኑ ከንጋት ሲያጓራ፣
ከፎቆቹ መሃል በቀረች አንዲት ማሳ
ኦቦ ደበላ በሬዎቹን ሲጠራ።
ጅራፉ ሁለተኛው ዘፈን ውስጥ አለ፤
ከስኔሩ እኩል ጮኸ፣ ምቱን ሳይስት።
ሙዘሚል ደጋግሞ ሰማውና
«እኔን ተዉኝ፣ እሱን ቅጠሩት» አለ።

ስለዚህ ወደ ሌሊት ሸሸን።
ሌሊት ደግሞ ውሻ አለው፣ ጅብ አለው፣
ሌሊት መብራት ኃይል አለው።
አንዴ፣ አንዲት ሌሊት፣ ሁሉም ተሳክቶ፣
የትርሲት ድምፅ ከክራሯ ሆድ ወጥቶ፣
ጨርሰን ሳንተነፍስ፣
ድርግም።
ኮምፒውተሩ ላይ አልተቀመጠም ነበር።
በሻማ ተያየን። ማንም ማንንም አልወቀሰ።
ያን ቅጂ እስከ ዛሬ አምስታችንም እናስታውሰዋለን፣
አምስት ዓይነት አድርገን።
ሽመክት ውስጥ ዝግ ያለ ነው፤ እኔ ውስጥ ይፈጥናል፤
ትርሲት «ስቼ ነበር» ትላለች፤
ውሸቷን ነው።

አራተኛው ዘፈን የአባቴ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ
ጉሮሮዬ በሩን ይዘጋብኝ ነበር።
ጓደኞቼ ያውቃሉ፤ እዚያ ስንደርስ
አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።
ያን ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
አለፈ።
እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፣ አላውቀውም።
የመጨረሻዋን ቃል እየጎተትኩ ሳለሁ
ከኮሪደሩ አንዲት ሴት፦
«ውሃ መጣ!»

በዘጠነኛ ቀኑ።
ትርሲት ማዳመጫውን ወረወረች፤
ሽመክት ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ባልዲ ያዘ፤
ፎቁ በሙሉ ነቃ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ተላተመ፤
እኔም እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ
በርሜል ይዤ ተሰለፍኩ።
ቀረጻውን ያቆመ የለም።

ሲነጋ ከፍተን ሰማነው፤
አርባ ደቂቃ።
በርሜል ሲሞላ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይወጣል፤
ለካ እሱም ይዘፍናል።
ሙዘሚል ጀሪካን ሲመታ፣ ገመቹ ሲስቅ፣
ጎረቤት ሲመርቀን፣ ጎረቤት ሲሰድበን።
«ልቁረጠው?» አለ ገመቹ።
መልስ የሰጠው የለም።

አልበሙ ወጣ። ብዙ ሰው አልሰማውም፤
ከሰሙት አንዱ ግን ደወለልኝ፦
«ያ ጩኸት ምሥጢሩ ምንድን ነው? ተስፋ ነው?»
«ውሃ ነው» አልኩት።
ያላመነኝ መሰለኝ።

ፍራሹ ወደ አልጋው ተመልሷል።
ሙዘሚል ሥራ አገኘ፤ ሲኖትራክ ይነዳል፤
ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር
ከመቶ መኪና መሃል ምቱን አውቀዋለሁ።
ዛሬ አሥራ አንድ ቀናችን ነው፣ ቧንቧው ደረቅ ነው።
አራተኛውን ዘፈን ከፈትኩ፤
ከቧንቧው ስር ባልዲ ደገንኩ።