ቆጣሪው የቆመበት

ሐምሌ ነው። አጂፕ ጋ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ነጭ ዲኤክስ ቆማለች፣ የጎማዋ ግማሽ ጭቃ ውስጥ እንደገባ።
«ለጁምዓ ብቻ ነው፣ የምትወጣው ከቤት፤
ሞተሯ አልተነካም፣ ሙሽራ ነች በላት!»
ይላል ሚፍታ ደላላው፣ በጃኬቱ እጅጌ ኮፈኖውን እየወለወለ፤
«እሺ» እላለሁ እኔ፣ እጄ ስቱኮ ፍለጋ ላሜራው ላይ እየዋለለ።
የግራ በሩን በጣቴ ባንኳኳ፣ እንደ ሞላ ጋን ታፈነ ድምፁ፤
ሚፍታ ስልኩን ያየ መሰለ፤ ግን ጠቆረ ገጹ።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ ጆሮዬ ነው እንጀራዬ፤
ዋሽቶኝ አያውቅም ሞተር፣ ከፋም ለማም፣ በሥራዬ።
የከዳኝስ ጉልበቴ ነው። የጋዙን ሲሊንደር አቅፌ፣
ለሰርቦ፣ ለሰቃ፣ ለአጋሮ ሚኒባስ ተሰልፌ፣
«ይሄ ይፈነዳል፣ አልጭንም!» ሲለኝ ረዳቱ፣
ስንት ቀን ተመለስኩ፤ ስንት ሥጋ ሸተተ በየቤቱ።

ዕቁቡ በመጨረሻ ወጣልኝ። አስረበብ ግን በስልክ፦
«ጣሪያችን ያፈሳል፤ ሌላ የምታፈስ ልታመጣ ነው? ይኸው ነው የአንተ ልክ።»
ዝም አልኳት። እውነቷን ነው። ጎንበስ ብዬ ከሞተሩ ሥር ሳይ፣
ቀስተ ደመና ሠርታለች የዘይት ጠብታ፣ በኩሬው ውሃ ላይ።

ቆጣሪው ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ሺህ ላይ ቆሟል።
«ይህን ያህል ብቻ?» አልኩ። ሚፍታ «ብቻ!» ብሎ ምሏል።
ባለቤቱ ጋሽ ሙዘይን፣ ግንብ ተደግፎ ዝም ያለው፣
«አትማል» አለ ቀስ ብሎ፤ «ቆጣሪው ጊቤ ቁልቁለት ላይ የሞተ ነው።
ከዚያ ወዲህ የሄደችውን እኔ ነኝ የጻፍኩት በእጄ።»
ደብተር አወጣ፣ በፌስታል የተጠቀለለ። «አንብበው ልጄ።»

ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለ፤
ቃሉ አጭር፣ ቀኑ ያልተዘለለ፦

«አጋሮ፣ ደርሶ መልስ፣ ዘጠና። ለሠርግ። ጎማ ፈነዳ።»
«ዴዶ፣ በሌሊት፣ ምጥ የያዛት። መንታ ወለደች መንገድ ላይ። ሂሳብ፦ ዕዳ።»
«ሊሙ። ቴስታታ ነደደ። በቅሎ ጎተተን፤ ሳቁብን።»
«አሰንዳቦ። ከልጄ ጋር። ምንም አልተነጋገርን።»
«አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል። ከዘይቱና ጋር። ሦስት መቶ ሃምሳ።»
«መልስ። እሷ በሌላ መኪና፣ ከፊቴ። እኔ ከኋላ። ሦስት መቶ ሃምሳ።»

ደብተሩን አጠፍኩት። ዝናቡ ጀመረ፤ ሚፍታ ጣሪያ ሥር ሸሸ፤
በልቤ ደመርኩ፤ ግማሽ ሚሊዮን አለፈ፤ ቀኑም መሸ።
ኮፈኖውን ነካሁት፤ ሞቋል። ሳልደርስ አሙቀው ጠብቀውኛል፤
የሞቀ ሞተር ሁሉ ያምራል፤ ሥራዬ አስተምሮኛል።
«ነገ በጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳያስነሳት።»
ሚፍታ ሊከራከር ነበር፤ ሽማግሌው ቁልፏን ነጥቆ ኪሱ ከተታት።

ሌሊቱን ጣሪያው ባልዲ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲቆጥር፣
እኔም አብሬው ቆጠርኩ፦ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ የትምህርት ቤት ብር።
አስረበብ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሽማግሌው ግን አልዋሸህም» አለች፤
«እሱን አይደለም የምገዛው» አልኳት። «እሱማ...» ብላ ተኛች።

ጉሙ አዌቱ ላይ ተኝቷል። ጋራዡ ገና አልተከፈተም፤
ጋሽ ሙዘይን ደጃፉ ላይ ቆሟል። ብዙም አልተነጋገርንም።
መዳፌን ኮፈኖው ላይ አኖርኩ፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ፤
ከሚፍታ መሐላ ሁሉ ይልቅ፣ ያ ቅዝቃዜ አሳመነኝ።
ቁልፉን አዞርኩ። ሳለች። ደገምኩ። ሳለችና ዝም አለች።
ሦስተኛው ላይ፣ ነጭ ጭስ ተፍታ፣ እየተንገፈገፈች ተነሣች።
ጆሮዬን ሰጠኋት፦ አንድ ቫልቭ ይንጣጣል፤ ማርሚታው ተበስቷል፤
ከጩኸቱ ሥር ግን፣ ያልቸኮለ ነገር ይመታል።

ዋጋ ተጨቃጨቅን። ለበሩ ቀነሰልኝ፣ ለዘይቱ አልቀነሰም፤
«ማፍሰስማ ሁላችንም እናፈሳለን» አለ፤ አልመለስኩለትም።
ሊብሬውን ሰጠኝ። «ደብተሩስ?» አልኩት፤ «አብሮ አይሸጥም?»
ፌስታሉን ፈታ፤ ገለጠ፤ ቆየ፤ ዓይኑን ከገጹ አላነሳም።
ከዚያ ከኋላ ያሉትን፣ ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች ቆጥሮ፣
አሥራ አንድ ነበሩ፣ ቀድዶ ሰጠኝ፤ የራሱን በፌስታል አስሮ።