ስምንት ሰከንድ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሲኖትራክ ሳይወጣ፣ ዘበኛ ሳይነቃ፣
ጋሽ ገመዳ ቀድሞኝ ላዳውን አቁሟል፤
በአንድ ጀሪካን ውሃ፣ በአሮጌ ካናቴራ
በሩን፣ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን ወልውሏል።
«እንዲያምርልሽ ነው፤ ገዢ እንዲጠራ።»

ሞተሩ ከነከሰ ክረምት አልፎበታል፤
የጎረቤት ሚኒባስ በገመድ ስቦታል።
ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲያደርስ የኖረ
ዛሬ በሌላ ጉልበት መንገዱን ጀመረ።

ከሌንሴ ጫፍ ላይ ጥቁር ብርጭቆ አለ፤
ፖላራይዘር ይሉታል፤ ቀለበት ያዘለ።
ወደ ግራ ሳዞር
የፊት መስታወቱ ሰማይ ይሸከማል፤
ደመናው፣ ባሕር ዛፉ፣
መስኮት ያልገባለት የኮዬ ፈጬ ፎቅ
ተሰልፎ ይቆማል።
ወደ ቀኝ ሳዞር
ሰማዩ ይነሳል፣
ከተኛ ሰው ገላ ብርድ ልብስ እንደሚያነሱ፤
ውስጡም ብቅ ይላል፦
ስፖንጁ የፈሰሰ ወንበር፣ ቀለሙ የሄደ ታሪፍ፣
መሪው ላይ የቀሩ እጆች፣ መንዳቱን ያልረሱ።

«ውስጡን አታሳዪ» አለኝ በመስኮቱ።
ቀለበቷን መለስኩ፤
ሰማይ አለበስኩት እስከ አንገቱ።

ከኋላ ስዞር ግን ያላሰብኩት መጣ።
በባዶ ዓይን ጠርቶ የኖረው መስታወት
በማጣሪያዬ ውስጥ ነብር ሆኖ ወጣ፤
ወይነ ጠጅ ነጠብጣብ፣ ሰማያዊ ጥላ፣
ረድፍ በረድፍ።
በምድጃ አግለውት፣ ብርድ ነፋስ ነፍተው
ያጠነከሩት ዕለት የዋጠው ጭንቀት ነው።
አልተሰነጠቀም። አልረሳምም ደግሞ።
ለጋሽ ገመዳ ይህን አልነገርኩትም፤
ያውቀዋል መሰለኝ፣
ሳያየው፣ አስቀድሞ።

አሁን ደግሞ ዘንጉ።
ሳሪስ ያለ በያጅ
ከመጋረጃ ቱቦ፣ ከመሰላል እግር
ቀጥሎ የሠራልኝ፣ አምስት ሜትር ግድም።
ሥሩ ላይ ሁለት የጎማ መምጠጫ
(ባለመስታወቶች የሚሸከሙበት)
ኮፈኑን እንደ አልቅት ነክሶ ይቀመጣል፤
ጫፉ ላይ ካሜራው
ከመንገዱ በላይ አየር ላይ ይቀራል።
ሚልኪያስ ነቅንቆ «ይዟል» ይላል፤
ደግሞ ይነቀንቃል።

«ሞተር የለው፣ በምን ይሮጣል?»
«በሰው። ይገፋል።»
ሳቀ። «መገፋቱንስ እናውቅበታለን» አለ፤
ዓይኑ ፎቆቹ ላይ ዋለ።
የአባቱ የጤፍ ማሳ
ከሦስተኛው ብሎክ ሥር አለ።

ወደ ሳይት የሚሄዱ አራት የቀን ሠራተኞች
በሃምሳ ሃምሳ ብር ተዋዋሉን፤
ከኋላ ገቡ፣ አጎነበሱ፣
ትከሻቸውን ሰጡን።
የካሜራው ዓይን ስምንት ሰከንድ ይከፈታል።
አንድ…
ላዳው ከወገቡ ተነቀነቀ፣
አራት…
እንደ ቀብር ሸኚ፣ እግር በእግር፣
ስምንት።
ዐሥር እርምጃ።
ኤሊ ይቀድመው ነበር።

ስክሪኑ ላይ ግን፣
መኪናና ካሜራ በአንድ ዘንግ ታስረው
ስለሄዱ አብረው፣
ላዳው ጥርት ብሎ ቆሞ
የሮጠው ዓለሙ ነው፤
አስፋልቱ ክር ሆኗል፣ ባሕር ዛፉ ጭስ፣
ጎማው የወፍጮ ድንጋይ።
የገፉት አይታዩም።
የያዘውን ዘንግም ማታ ቤቴ ገብቼ
እሰርዘዋለሁ።

«መቶ ሃያ!» አለ ጋሽ ገመዳ፣
«በደህናው ዘመኑ ሰማንያ አልፎ አያውቅም!»
አየው። ደግሞ አየው።
«ገዢው ሲመጣ ታዲያ ማነው የሚገፋ?»
ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ፤
ፊቱ ላይ ሳቅ ጠፋ።

ዘንጉን ፈትተን አወረድን።
የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈ፤
ገብቶ መሪውን ያዘ፣ በሩን ቀስ አድርጎ።
«ያንን ጥቁር ነገር
ወደዚያኛው አዙሪው።»
አዞርኩት። ሰማዩ ተገፈፈ።

ሚልኪያስ ዝርዝር ብር ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል፤
ከአደባባዩ በኩል፣ የመጀመሪያው ሲኖትራክ
«ዘወር በሉ» እያለ ጥሩምባ ይነፋል።