ኪሎህ ስንት?

ታንደር ቤይ፣ የጥር ማለዳ፣ ብርዱ አጥንት ሲበሳ፣
ባሥራ ዘጠኝ ወንበር አውሮፕላን ልንነሳ፣
አይሊ ኮስኬላ፣ እርሳሷ ከጆሮዋ ኋላ፣
«ኪሎህ ስንት?» ትለኛለች፣ ካገር ፊት፣ ያለ ከለላ።

አምስት እቀንሳለሁ፤ አዳም ሁሉ ይቀንሳል፤
ቀና ብላ ታየኛለች፣ እርሳሷ እውነቱን ይጽፋል።
«አንተ ወደ ኋላ፣ ፓስተሩ ከፊት፣ ክብደቱ እንዲስተካከል!»
ነርሷ፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ የቆፋሪው ውሻ፣
ሁላችን የክንፍ አካል።

ባንድ ሚያዝያ ከሰረ። ትልቁ ገዛው፤ ስሙን ከጅራቱ ፋቀ።
የቲኬቱ መስኮት የቺፕስ ማሽን ሆነ፤
የአይሊ እርሳስ የት እንደወደቀ
ማን ጠየቀ?

ዛሬ ከቶሮንቶ አሥራ አራት ሰዓት፣ ሦስት መቶ ሰው በጨለማ፤
እግሬ አብጧል። የጎረቤቴ ራስ ትከሻዬ ላይ፣
ስሙን እንኳ ሳልሰማ።
በስክሪኑ ትንሽዬ አውሮፕላን በዋልታው በረዶ ትሳባለች፣
አስተናጋጇ «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» ብላ ታልፋለች።

ኪሎዬን የጠየቀኝ የለም።

ወፍሬአለሁ፣ አይሊ። ሰባት ኪሎ። ይኸው፣ ሳልቀንስ።
ወደ ፊት ልሂድ ወይስ ወደ ኋላ?
ይኸኛው፣ ብኖርም ባልኖርም፣
አያዘነብልም።