የድር መቁጠሪያ

ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ቤት
ጣቃ ስመረምር ኖሬያለሁ፣ ቀን በፈረቃ፣ ሌሊት በሌሊት፤
አውራ ጣት በምታህል አጉሊ መስታወት
ድሩን ከማጉ እየቆጠርኩ፣ ደህናውን "ይለፍ"፣ የሳሳውን "መልሱት"።

ጡረታ ስወጣ ሰዓት ሸለሙኝ፤ ቆመ በሁለት ወሩ።
መስታወቷን ግን በኪሴ ይዤ ወጣሁ፣ ዕቃ ተረካቢዎቹ ሳይቆጥሩ።

ዘንድሮ ስኳር ተገኘብኝ።
ሳቢያን ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ረምላ መከረችኝ፦
"ነጩን ዳቦ ይተዉ፣ ያልተነፋውን ይብሉ፣
ፉርሽካው ያልተለየውን፣ ስንዴውን እንዳለ በሙሉ።"

ልጄ ምሕረቱ ይህን ሰምቶ፣ ከጅቡቲ ሲመለስ በባቡሩ፣
ከከዚራ ዳቦ ቤት ካርድ ይዞልኝ መጣ፣ ወርቅ የተቀባ ዳር ዳሩ።
"ሺ ብር ሞልቼበታለሁ፣ መቀነት መፍታት ይቅርብሽ፤
ማሳየት ብቻ ነው፣ ጥቁሩን ይሰጡሻል፤ አቦ ይመችሽ!"

እውነትም ተመቸኝ። ከባጃጅ ወርጄ፣ ከፀሐይዋ ሸሽቼ፣
ቀዝቃዛ አየር እየነፋብኝ፣ ካርዴን እንደ ሹም ዘርግቼ፣
ቡናማ ዳቦ በቡናማ ከረጢት
ታቅፌ እመለስ ነበር፣ እየሸተተኝ ጤንነት።

ሦስት ሳምንት በላሁ።
ሲስተር ረምላ ደሜን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ዝም።
"እማማ አስካለ፣ ስኳርዎ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።"

ያን ማታ አምፖል ሥር እንደ ድሮዬ ቁጭ አልኩ፤
ዳቦውን ቆርሼ፣ መስታወቷን አስቀምጬ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አጎነበስኩ።
ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፤
የገለፈት ስባሪ፣ የፉርሽካ ነጥብ፣ አንዲትም የለበት።
እኔ ይህን አውቀዋለሁ፦
ነጭ አቡጀዲ ነው፣ በርሜል ውስጥ የተነከረ፤
ሱፍ ነኝ ብሎ የወጣ፣ ከላዩ በቀር ምኑም ያልተቀየረ።

ካርዱንም ገለበጥኩት።
ጀርባው ላይ፣ ጉንዳን እግሯን የጠረገችበት የሚመስል ጽሕፈት፦
"ለአገልግሎት በየወሩ ሠላሳ ብር ይቀነሳል።
ቀሪው በስድስት ወር ካላለቀ፣ ይቃጠላል።"
ይቃጠላል አሉ! ብር ነው የሰጠነው፣ ማገዶ መቼ ሰጠናቸው?
ምድጃ ውስጥ የሚቃጠል ዳቦ አውቃለሁ፤ ኪስ ውስጥ የሚቃጠል ብር የእነሱ ነው፣ ፈጠራቸው።

በማግሥቱ ኢፍቱን ጠየቅኳት፣ ሚዛኑ ዘንድ የምትቆመውን የመጋላ ልጅ።
ወደ ጓዳ አየች፣ ወደ ደጅ።
"እማማ፣ ዱቄቱ ያው የነጩ ነው።
ቀለሙ... የተቃጠለ ስኳር ነው።"

ስኳር!
ሳቄ አመለጠኝ፤ ስኳርን ሸሽቼ ስኳር ቤት፣ ያውም ቀድሜ ከፍዬ።
አልተቆጣኋትም፣ የሰው ልጅ ምን በደለች ብዬ፤
እሷም ባለ ፈረቃ ናት፣ እንደ እኔ እንደ ያን ጊዜዋ፤
ጨርቁን ያሳሳው ሌላ፣ ቅጣቱ የሚቆረጠው ከእሷ ደመወዟ።

ካርዱ ላይ ስድስት መቶ ሃያ ብር ነበር። ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው
በነጭ ዳቦ ጨረስኩት፤ ነጭነቱን በማይክደው፣ ስሙን ራሱ በሚያውቀው።
ለግቢው ልጆች አደልኩ፣ ከአጥር ማዶም ለአቶ ጉሌድ።
አፉ ሞልቶ፣ "አስካለ፣ ማን ሊዳር ነው?" ቢለኝ፣
"ካርዴን ዳርኳት" አልኩት፣ "ቀለበት እንኳ ሳትጠይቀኝ።"

ከቀፊራ ስንዴ ገዛሁ፣ ጠጠሩን ለቀምኩ በእጄ፤
አስፈጭቼ ገባሁ፣ ወንፊቱን ሰቀልኩት፣ ቡሃቃዬን ይዤ።
የመጀመሪያው ዳቦ ድንጋይ ወጣ። ሁለተኛው የድንጋይ ወንድም።
ምሕረቱ ቀመሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ "ካርዱስ አላለቀም?"
"አለ" አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም፤
በፍቅር የመጣን ዕቃ "መልሱት" ማለት፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አልተማርኩም።

ካርዱማ አለ፤ ቡሃቃው ጠርዝ ላይ፣ ከነወርቁ፣ ከነዳሩ፤
የተጣበቀ ሊጥ እፍቅበታለሁ፤ ይኸው ነው የቀናው ግብሩ።

መስታወቷን አቶ ጉሌድ ተውሶኛል፣ "ዘይት ጀሪካኑ ላይ የተጻፈ አለ" ብሎ።
ሦስተኛ ቀኑ ነው። እያነበበ ይሆናል፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁጭ ብሎ።